የመጨረሻ ደሞዜን ያስከፈለልኝ አንድ ገጽ ደብዳቤ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። የለቀቅኩት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቼ ነው። አሠሪዬ ግን የመጨረሻ ደሞዜንም የሥራ ልምድ ወረቀቴንም ያዘብኝ። «ነገ ና» እያለ አምስት ሳምንት አመላለሰኝ። በዚያ ሙቀት ከሳቢያን በባጃጅ ሄዶ ባዶ እጅ መመለስ አንጀት ያቃጥላል።

ጎረቤታችን ጋሼ፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ «ልጄ፣ በአፍ አትለምን፣ በወረቀት ጠይቅ» አሉኝ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አነበብኩ። አንቀጽ 36 ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ክፈል ይላል። በአንቀጽ 38 ደግሞ ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር ደሞዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል። ይህንኑ ጽፌ ሁለት ኮፒ አወጣሁ። አንዱን ሰጠሁ። በሌላው ላይ ጸሐፊዋ ቀኑን ጽፋ፣ «ተቀብያለሁ» ብላ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈረመችልኝ። ሁሉ ነገር ያለው እዚያች ፊርማ ላይ ነው፤ ያለሷ ደብዳቤው አልደረሰኝም ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ። ደሞዜን ከነልምድ ወረቀቱ ተረከብኩ። ወረቀቱ በነጻ የሚሰጥ ነው፣ ክፈሉ ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። የደሞዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፎበታል ተብሎ) ስለሚታገድ፣ «ነገ ና» ሲበዛ ቀኑን ቁጠሩ።