ትዞራለች፣ ትጮሃለች፣ ግን አትስብም፦ የሮቦት መጥረጊያ ችግርና መፍትሄ ለአዳማ ተከራዮች

ሮቦት መጥረጊያ እጠግናለሁ። ድሮ አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ብርቅ ነበር። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሁለት ሳይኖር የሚያልፍ ሳምንት የለም። አብዛኞቹ የሚመጡት ከኪራይ ቤት ነው። ባልም ሚስትም ሥራ ይውላሉ፣ ሠራተኛ የምታድርበት ክፍል የለም፣ ስለዚህ ሮቦቷ ትገዛለች።

ባትሪው መሙላቱን፣ የቆሻሻ ሳጥኑ መደፋቱንና ዋናው ማብሪያ መከፈቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ትዞራለች፣ ትጮሃለች፣ ግን አትስብም

ከሚመጡልኝ ማሽኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው የሚመጡት።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ሮቦቷ ክፍሉን ጨርሳ ወደ ቤዟ፣ ማለትም ቻርጅ ወደምታደርግበት ማቆሚያ፣ ትመለሳለች። በባዶ እግር ስትረግጡት ግን ወለሉ ይሻክራል። ሳጥኑን ስትከፍቱ ፀጉርና የፈንዲሻ ፍርፋሪ አለ፣ ደቃቁ አቧራ ግን የለም። ድምፅዋም ከወትሮው ቀጠን ብሎ ያፏጫል። ባለቤቱ ይዟት ሲመጣ የሚለው አንድ ነው፦ «ሞተሯ ሞቷል፣ ቀይርልኝ።»

ሞተሩ አልሞተም። ታፍኖ ነው። ያፈነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ፊልተር ነው።

አየሩ የሚሄድበትን መንገድ እዩ። ከብሩሹ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ ከሳጥኑ በፊልተሩ ያልፋል፣ ከዚያ ፋኑ ጋ ደርሶ ከኋላ ይወጣል። ፊልተሩ እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ወረቀት መሳይ ነገር ነው። ከእጥፋቶቹ መሃል የገባ ደረቅ አቧራ መታ መታ ሲደረግ ይራገፋል። ፊልተሩ ታጥቦ ሳይደርቅ ከተገጠመ ግን አቧራው ይቦካል። ሮቦቷ ሥራ ስትጀምር የቦካው እላዩ ላይ ይደርቅና እንደ ልስን ይጋገራል። ከዚያ አየር አያልፍም። ከፊልተሩ የተሳበው እርጥበት ደግሞ ፋኑ ላይ ያርፋል፣ አቧራም እዚያው ይለጠፍበታል።

የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ። ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የንፋስ ተርባይን የቆመው እንዲሁ አይደለም። በበጋ መስኮት ዘግታችሁ ብትውሉ እንኳ ንፋሱ በበር ሥር ያስገባዋል። በጣት ሲያሹት እንደ ዱቄት የላመ ነው። አዲስ በተሠራ ቤት የተከራየ ሰው ደግሞ የሲሚንቶና የጄሶ ብናኝ ይጨመርበታል። ሲሚንቶና ጄሶ ውሃ ሲያገኙ ምን እንደሚሆኑ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

በቦኩ በኩል አዲስ ቤት የተከራየች እህት በ8 ወር ውስጥ ሦስተኛ ፋን ልታስቀይር መጣች። ሁለቱን የቀየረላት ሌላ ሰው ነው። ፋኑን ስፈታው ክንፎቹ አይታዩም። በመሃላቸው ግራጫ ነገር ሞልቶ ደርቋል። በካቻቢቴ ጫፍ ስነካው እንደ ቅርፊት ተሰብሮ ወደቀ። «ፊልተሩን ታጥቢዋለሽ?» አልኳት። «በየሳምንቱ» አለችኝ፣ ንፅህና ወዳድ ናት። «ከታጠበ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ታቆዪዋለሽ?» «ምን አቆየዋለሁ፣ አራግፌ እገጥመዋለሁ።» ሊሾው ገና አዲስ ስለሆነ ወለሉ ራሱ ብናኝ ያወጣል። ፋኑን አልቀየርኩላትም። ጠርጌ መለስኩላት፣ ሁለት ፊልተር አስገዛኋት። እስከዛሬ አልተመለሰችም።

መፍትሄው እነሆ። መጀመሪያ አዲስና ደረቅ ፊልተር ግጠሙና አስነሱ። መሳቡ ከተመለሰ ጥፋቱ የፊልተሩ ነው፣ ሌላ ምንም አትንኩ። ካልተመለሰ ፋኑ ተለጥፎበታል። ሮቦቷን አጥፉ፣ ገልብጡ፣ ብሎኖቹን ፍቱ። የብሎኖቹ ርዝመት ስለሚለያይ ከየት እንደወጡ በስልክ ፎቶ አንሱ። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው ቦርዱን በስቶ አምጥቶልኝ ያውቃል። ባትሪውን ንቀሉ። ፋኑን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። አልለቅ ያለውን ንፁህ አልኮል በነካ ጥጥ አልስልሱት። ውሃ አታስጠጉ። ከዚያ ፋኑን በጣት አዙሩት። ያለ ድምፅ የሚዞር ከሆነ ደህና ነው። የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ኩሽኔታው ስለሄደ ሙሉ ፋኑን መቀየር ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፊልተር ይኑራችሁ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይደርቃል። መታጠብ የሚችል መሆኑን መመሪያው ላይ እዩ። የማይታጠብ ከሆነ መታ መታ አድርጎ ማራገፍ ብቻ ነው። የሚታጠበውን በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና እጠቡት፣ ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ሙሉ 24 ሰዓት አድርቁት። «በአዳማ ሙቀት በሁለት ሰዓት ይደርቃል» ይሉኛል። ውጪው ይደርቃል፣ የእጥፋቱ ሥር አይደርቅም። በፀጉር ማድረቂያም አትሞክሩት፣ ሙጫው ይለቅና እጥፋቱ ይላቀቃል።

ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁም አታስነፉት። አንድ ወንድም ሳጥኑን ከነፊልተሩ ለጎማ በሚነፋው ኮምፕሬሰር አስነፋው። ፊልተሩ መሃሉ ላይ ተቀደደ። እሱ ቅዳዱን አላየም። ሮቦቷ ሁለት ሳምንት አቧራውን በቀጥታ ወደ ፋኑ ስትወስድ ከረመች። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ዘይትና ውሃ ስላለ ያ ሁሉ አብሮ ገባ። ያንን ፋን ማዳን አልቻልኩም።

ገበያ ላይ ስለሚሸጠው ርካሽ ፊልተርም ልናገር። ደህናው ፊልተር ዙሪያውን የጎማ ወይም የስፖንጅ ክፈፍ አለው። ርካሹ የለውም፣ ወይም ቢኖረውም ሲገጠም ይወዛወዛል። አቧራው በፊልተሩ መሃል ሳይሆን በጠርዙ በኩል አልፎ ይገባል። ማወቂያው ቀላል ነው። ከሳምንት በኋላ ፊልተሩን አውጡና ከኋላው ያለውን ንፁህ መሆን የሚገባውን ቦታ በጣት አብሱ። ጣታችሁ ላይ አቧራ ከወጣ ያ ፊልተር ይጣል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ቢላችሁም ይጣል። እኔ ጋ አምጥታችሁ ግጠምልን ብትሉኝ አልገጥምም።

ስትወለውል የጭቃ መስመር ትተዋለች

ምክንያቱ መጥረግንና መወልወልን አንድ ላይ ማዘዝ ነው። የአቧራው ብዛት እንዲህ በሆነ ከተማ ጨርቁ የተረፈውን አቧራ አርሶ ይጎትተዋል። አፑ ላይ መጀመሪያ መጥረግ ብቻ እዘዙ። ጨርሳ ስትመለስ ሳጥኑን ድፉ፣ ከዚያ ጨርቁን አርጥባችሁና ጨምቃችሁ ግጠሙና መወልወል ብቻ እዘዙ። አቧራ በበዛበት ሳምንት በእጅ መጥረጊያ አንዴ ማለፍ ነውር አይደለም።

ውሃ መያዣው ውስጥ በረኪና አትጨምሩ፣ የጎማ ክፍሎቹን ይበላል። ፈሳሽ ሳሙናም አረፋው ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ወለሉም ያንሸራትታል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ውሃ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ያው ቅርፊት ውሃ መውጫውን ይደፍነዋል። መያዣውን ከሮቦቷ ነቅላችሁ፣ ትንሽ አቼቶ በብዙ ውሃ በጥብጣችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩበትና በደንብ አለቅልቁት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከታንከር ታች የተቀዳ ደለላም ውሃ አትሙሉ።

እርጥብ ጨርቅ ተገጥሞባት ቤዟ ላይ አታድር። ጨርቁ ይሸታል። ከሥሩ ያለው የአከራዩ የእንጨት ወለል ደግሞ ያብጣል፣ ስትለቁ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

ብሩሹ ይቆማል፣ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል

ፀጉር ነው፣ በተለይ ለሹሩባ የሚቀጠለው አርቴፊሻል ፀጉር። ሰው ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን በመቀስ ይቆርጥና ጨረስኩ ይላል። ጥፋቱ ያለው ጫፎቹ ላይ ነው። በብሩሹ ሁለት ጫፍ ያሉትን ክዳኖች ንቀሉ። ከሥራቸው ፀጉሩ ተጠቅልሎ እንደ ቀለበት ጠንክሮ ታገኙታላችሁ። እሱ ሲፋተግ ይሞቃል፣ አርቴፊሻሉ ፀጉር ይቀልጣል፣ የብሩሹን መቀመጫም አብሮ ያቀልጠዋል። በፒንሳ እየሳባችሁ አውጡት። ቤት ውስጥ ሹሩባ የሚሠራ ካለ በየሁለት ቀኑ እዩት።

ቄጠማም እንዲሁ ነው። በዓል ሲሆን የተጎዘጎዘው ሳይለቀም ሮቦቷን አትልቀቁ። የነጠላ ጫፍና የስልክ ገመድም ከወለል ይነሳ።

ቡና በሚፈላበት ሰዓት ደግሞ ሮቦቷ ፈፅሞ አትነሳ። ፍም ከምድጃው ሊወድቅ ይችላል። አንድ ጊዜ ያመጡልኝ ሳጥን ከታች የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ቀዳዳ ነበረው፣ ዙሪያው ቀልጦ ጠቁሯል። ውስጡ ደረቅ ፀጉርና አቧራ ነበር። ማታ ሰው ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ረከቦቱ ተነስቶ፣ ከሰሉ ወጥቶ፣ ወለሉ በእጅ ተዳስሶ ብቻ።

ቤዙ አይበራም፣ ቻርጅ አታደርግም

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 100-240 ቮልት ካለ እዚህ ይሠራል። 120 ብቻ ካለ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ትንንሾቹ ቤዞች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይችላሉ። ቆሻሻውን ራሳቸው የሚቀበሉት ትልልቆቹ ግን ለአሜሪካ የተሠሩ ከሆኑ 120 ብቻ ናቸው። የሶኬት መቀየሪያ ቅርፁን ነው የሚቀይረው፣ ቮልቱን አይቀይርም። ይህንን ሳያውቁ ሰክተው ያቃጠሉ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ወንድም ወይም እህት ደክሞ የላከው ዕቃ ሳጥኑ በተከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሲሞት ያሳዝናል። ማውረጃ ትራንስፎርመር ስትገዙ ዋቱን ከቤዙ ጽሑፍ ጋር አስተያዩ።

መብራት ሲጠፋ ቤዙን ከሶኬት ንቀሉ። ሲመለስ በአንዴ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልት ነው ቦርድ የሚጨርሰው። ሮቦቷ ክፍል ውስጥ እያለች መብራት ከጠፋ ቤዙ ምልክት ስለማይልክ አታገኘውም፣ ባትሪዋ እስኪያልቅ ስትፈልግ ትዞራለች። አንስታችሁ አጥፏት።

ባለ አንድ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ አከራይ «ይቺ ማሽን መብራት ትበላለች» ብሎ የሚጣላችሁ ከሆነ ቁጥሩን ንገሩት። ባለ 14.4 ቮልት፣ 5,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ሙሉ ሲሞላ 75 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ብክነቱ ቢጨመርበት የእንጀራ ምጣድ በሁለት ደቂቃ ገደማ ከሚወስደው አይበልጥም።

የቀሩት ባጭሩ

ጥቁር ምንጣፍ ጫፍ ላይ ቆማ የምትመለስ ከሆነ የታች ሴንሰሮቿ ጥቁሩን ገደል ነው ብለው አንብበውት ነው። በደረቅ ጨርቅ ጥረጓቸው፣ ካልሆነ ያንን ምንጣፍ አንሱላት። ሴንሰሩን በፕላስተር የሸፈነ ፎቅ ላይ የሚኖር ተከራይ ሮቦቷን ከደረጃ ሥር ነው ያገኛት።

ክብ እየሠራች የምትዞር ከሆነ አንዱ ጎማ ወይም የፊት መከላከያዋ ተቀርቅሯል።

ዋይፋይ አልይዝ ካለች ራውተሩን በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አድርጉት፣ ብዙዎቹ 5ን አያዩም።

ደፍ የማትወጣ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይችሉም። ደፉን አትጥረቡ፣ ቤቱ የሰው ነው። ከሁለቱም በኩል ሸርተት ያለ ጣውላ አናጢ ያሠራላችኋል፣ ስትለቁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ባትሪው ካበጠ አትብሱት፣ አትጫኑት፣ ቻርጅ አታድርጉት። ከቤት አውጡትና ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

ቤት ስትቀይሩ

ፍራንኮ አካባቢ ቤት የለቀቁ ባልና ሚስት ሮቦቷን ባጃጅ ውስጥ በጎኗ አስቀምጠው ወሰዷት። ውሃ መያዣው ግማሽ ነበር። መንገዱ ሲያንገጫግጫት ውሃው ቦርዱ ላይ ፈሰሰ። አዲሱ ቤት እንደደረሱ በደስታ አስነሷት፣ በዚያው ጠፋች። ሳያስነሱ አምጥተዋት ቢሆን አደርቃት ነበር።

ውሃውን ከዋዜማው ድፉ። ጨርቁንና ሳጥኑን አውጡ። በዋናው ማብሪያ አጥፏትና በሆዷ አስተኝታችሁ ውሰዷት። አዲሱ ቤት ስትደርሱ የድሮውን ካርታ ከአፑ ሰርዙ፣ አለበለዚያ የድሮውን ሳሎን ስትፈልግ ግድግዳ ትገጫለች። እርጥበት ነክቷት ከሆነ ደግሞ ቁልፉን አትንኩ፣ እንዳለች አምጧት።