ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት፤ ባሕር ዛፍ ላጠላበት የድሮ ቤት

ጣሪያዬ አፈሰሰ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቆርቆሮ ዋጋ ጠይቆ ጨርሷል። ስንት እንደሚፈጅ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ ስጠይቀው ግን ኮርኒሱ ላይ ያለውን ቡናማ ክብ ያሳየኛል። እኔ አናጺ ነኝ። የምሠራው በብዛት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉት የድሮ ቤቶች ላይ ነው፤ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ምሰሷቸው ጥድ ወይም ወይራ፣ ከላያቸው ባሕር ዛፍ ያጠላባቸው። ሥራ ሲገኝ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻም እሠራለሁ። ከነዚህ ቤቶች ውስጥ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ መቀየር ያለበት ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም። የሚያስቆጨኝ የአባት የአያት ወፍራም ቆርቆሮ ተገፎ በምትኩ በእጅ የሚታጠፍ ስስ ነገር ሲለብስ ማየት ነው።

መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልጉ። ውኃ የሚገባበትና የሚንጠባጠብበት ቦታ አንድ አይደለም። ከላይ ይገባል፣ በቆርቆሮው ሆድ ተንሸራቶ ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) ላይ ያርፋል፣ ሞራሌውን ተከትሎ ይሄድና ጉጥ ወይም የምስማር ጫፍ ሲያገኝ ይወርዳል። ሳሎን ያፈሰሰው ቀዳዳ መኝታ ቤቱ በላይ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ቆጣሪውን አጥፉና ኮርኒሱ ውስጥ ግቡ። ቆጣሪውን አጥፉ ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ የድሮ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ያለው የመብራት ሽቦ ላስቲኩን አይጥ ጨርሶት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እግራችሁን እንጨት ላይ ብቻ አሳርፉ። የድሮ ኮርኒስ አንዳንዱ አቡጀዲ ተወጥሮ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ሰው አይሸከምም።

ዓይናችሁ ጨለማውን ሲለምድ የብርሃን ነጥቦች ታያላችሁ። እያንዳንዷ ነጥብ ቀዳዳ ናት፤ አጠገቧ ያለው ሞራሌ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ባትሪ አብሩና እንጨቱ ላይ ውኃ ያሰመረውን ጥቁር መስመር ወደ ላይ ተከተሉት። መስመሩ የሚጀምርበት ቦታ ነው የምትፈልጉት። ምንም ካልታየ አንድ ሰው ከውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ከላይ በጎማ ውኃ ይልቀቅ፤ ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ። ከላይ ከጀመራችሁ ውኃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥብ ምንም አትለዩም። (ያን ዕለት ቧንቧው ውኃ ካለው ነው እንግዲህ።)

አንድ ነገር ግን ለዩልኝ። ዝናብ ሳይዘንብ፣ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ፣ ጠዋት ጠዋት የሚንጠባጠብ ከሆነ ጣሪያው አላፈሰሰም፤ አልቦታል። የቤቱ ሙቀትና እንፋሎት ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ይሆናል። ለዚህ ሬንጅ መቀባት ትርፉ ድካም ነው። በሁለቱም በኩል ከጣሪያው ሥር ወንፊት ሽቦ የተመታበት የአየር መግቢያ ክፈቱለት።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከታች ሲያዩት ደረቅ ይመስላል። እጃችሁን ስትሰዱበት ከሥሩ ጥቁርና እርጥብ አፈር ሆኗል፣ ዝናብ ካቆመ ከቀናት በኋላም ውኃ እንደያዘ ነው። ቆርቆሮን የሚበላው ይሄ ነው። የሚወርድ ዝናብ ብዙ አይጎዳውም፤ የተኛ እርጥበት ግን የለበሰውን ዚንክ ይፈጀዋል። በመጀመሪያ ነጭ ዱቄት መሳይ ይወጣበታል፣ ቆይቶ ቀዩ ዝገት ይመጣል። ነጩ ላይ ከደረሳችሁበት ጠርጋችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ ፀረ ዝገት ቀለም ብትቀቡት ብዙ ዓመት ያኖራችኋል። ቅጠል የሚያከማቹ ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ሁለት ክዳን ተገናኝቶ ውኃ የሚያወርድበት ቦይ፣ ከጊዜ በኋላ የተቀጠለ በረንዳ ከዋናው ጣሪያ ጋር የሚገጥምበትና የማድ ቤቱ ጭስ መውጫ ጀርባ። የጥድ ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ በቆርቆሮዎቹ መደራረቢያ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ገብቶ ከረጠበ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። በመጥረጊያ ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። በአካፋ አትፋቁ፣ ዚንኩን ትልጡታላችሁ።

ስትወጡ የምስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፤ ሞራሌው ያለው ከሱ ሥር ነው። በሁለት መስመር መካከል የረገጠ ሰው ወይ ቆርቆሮውን ያጎብጠዋል ወይ ራሱ ይገባል። የምትታሰሩበትን ገመድ ከጉልላቱ ማዶ አሳልፋችሁ በወዲያኛው በኩል ካለ ዛፍ ጋር እሰሩት። ቅጠል ያለበት ቆርቆሮ ጠል ሲነካው ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ጠዋት በጣም ማልዳችሁ አትውጡ።

ደሴ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ሌሊት ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ቀን ይለጠጣል ሌሊት ይሰበሰባል፤ ማታ ማታ ጣሪያው ሲንጣጣ የምትሰሙት እሱን ነው። ይሄ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም ምስማሩን ቀስ በቀስ ይነቅለዋል፣ ቀዳዳውንም ያሰፋዋል። የሚያፈስ የድሮ ጣሪያ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው የምስማሩን ራስ ነው። የላላውን መልሶ መምታት ዋጋ የለውም፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሰፍቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት ይወጣል። በጉጠት ንቀሉት፣ ከበፊቱ ወፈርና ረዘም ያለ ባለ ኮፍያ ምስማር አስገቡ፣ ከኮፍያው ሥር ጎማ ይኑርበት። የሱቁ ጎማ ካላስተማመነኝ እኔ ከአሮጌ ካላማዳሪ ክብ ክብ አድርጌ እቆርጣለሁ። ምስማር የሚመታው የቆርቆሮው ማዕበል ጀርባ ላይ ነው፤ ሸለቆው ላይ ከመታችሁ ውኃው የሚሄድበትን መንገድ በሳችሁ ማለት ነው። ጎማው ሲጨበጥ አቁሙ። አንድ መዶሻ ከጨመራችሁ ጀርባው ይጎደጉድና በምስማሩ ዙሪያ ውኃ ይቋጥራል።

ከምስማር ራስ የማይበልጥ ቀዳዳ ከሆነ ዙሪያውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ አጽዱ፣ ሬንጅ ቀቡ፣ ቁራጭ አቡጀዲ ለጥፉበት፣ በላዩ ደግማችሁ ሬንጅ ቀቡ። ከዚያ ለሚበልጠው ማዕበሉ አንድ ዓይነት የሆነ ቁራጭ ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ የላይኛው ጫፉ ከበላይ ካለው ቆርቆሮ ሥር መግባት አለበት። ከላይ ብቻ የተለጠፈ ልጥፍ አንድ ክረምት አይከርምም። ሲሚንቶ አታድርጉበት። ብዙ ቤት፣ በተለይ ቆርቆሮ ከግድግዳ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ ሲሚንቶ ተለስኖ አያለሁ፤ ቆርቆሮው ሲለጠጥ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ ዚንኩን ይበላል።

ሁሉም ነገር ከቆርቆሮው አይደለም። አንዲት እናት ልጃቸው ከጅዳ ብር ልካላቸው፣ «ልጄ፣ ሁሉንም አንሣውና አዲስ አልብስልኝ» አሉኝ። ወጥቼ አየሁት። «እማማ፣ ይሄ ቆርቆሮ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን አሁን ከሚገዙት ይሻልዎታል» አልኳቸው። «ታዲያ ምኑ ነው ያስለቀሰኝ?» አሉ። ምስማሩና ኮልሞው (ጉልላቱን የሚከድነው ቆርቆሮ) ነበር። መሮዬን የወራጁ፣ ማለትም ከጉልላት ወደ ግድግዳ የሚወርደው እንጨት፣ ጫፍ ላይ፣ ግድግዳው ላይ ከተጋደመው እንጨት ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ገፋ ሳደርገው ግን እስከ እጀታው ሊገባ ምንም አልቀረውም። እንጨቱ ከላይ ጤነኛ መስሎ ውስጡ እንደ ቆሎ ዱቄት ሆኗል። ብሩ እዚያ ላይ ዋለ።

ስለዚህ መሮ ይዛችሁ ወራጁን በየጫፉ ፈትሹ። ጤነኛ እንጨት መሮ አያስገባም፣ ስትቆረቁሩትም ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ጫፉ ብቻ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ድረስ ቁረጡና ቢያንስ አንድ ሜትር ከጤነኛው ጋር የሚደረብ ሌላ እንጨት ጎኑ ላይ ምቱበት። ባሕር ዛፍ ስትጠቀሙ ልጡ የተላጠና የደረቀ ይሁን። እርጥቡን ከመታችሁት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ቆርቆሮውንም አብሮ ያነሣዋል፤ ልጡ ያልተላጠ ከሆነ ነቀዙ ከሥሩ ይራባል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ እዚያ ዋናው ጠላት ምስጥ ነው። ምሰሶውን ተከትሎ የሚወጣ የአፈር መስመር ካያችሁ ጣሪያውን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ አለበለዚያ አዲሱን ሞራሌ ቀለብ ሰጣችሁት።

ከሦስት ቆርቆሮ አንዱ ከተበሳ ወይም ዝገቱ በጣት ሲጫኑት ከተቀነጠሰ፣ ያኔ መቀየሩ ያዋጣል። ሱቅ ስትሄዱ ይሄን ያዙ፤ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ጌጅ ከ28 ይበልጣል ብሎ የገዛ ሰው አጋጥሞኛል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ 30ው 0.3፣ 32ው 0.25፣ 35ው 0.2 ገደማ። የ28ቱ አንድ ቅጠል የ35ቱን እጥፍ ያህል ይመዝናል፤ ሻጩ የሚላችሁን ትታችሁ ሁለቱን በየእጃችሁ አንሡ። ዛፍ ሥር ላለ ቤት ቅርንጫፍ ስለሚወድቅበት፣ በረዶም ስለሚመታው፣ ከ30 በላይ ቁጥር አልመክርም። በልክ የሚቆረጠው ኢጋ ቆርቆሮ መደራረቢያ ስለማይበዛው ጥሩ ነው፤ ግን የድሮ ቤት ወራጅ ቀጥ ብሎ ስለማይገኝ መጀመሪያ በተወጠረ ገመድ ማስተካከል ይጠይቃል።

ቁጥሩን እንዲህ ታወጣላችሁ። የተለመደው ቆርቆሮ 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ነው። በጎን አንድ ማዕበል ተኩል ሲደረብ ከስፋቱ የሚቀራችሁ 78 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ በቁመት 15 ሳንቲ ሜትር ይደረባል። ቤቱ 10 ሜትር ርዝመት፣ አንዱ ጎን ከጉልላት እስከ ጠርዝ 3.80 ከሆነ፣ በአንድ መስመር 13፣ ሁለት መስመር 26፣ ለሁለቱም ጎን 52። ለቁራጭና ለብልሽት ጥቂት ጨምሩበት። ኮልሞው ለብቻው ነው።

የድሮውን ስትገፍፉ ኮልሞውን አስቀድሙ፣ ከዚያ የላይኛውን መስመር። የመብራት መስመሩ በጣሪያው በኩል የሚገባ ከሆነ መብራት ኃይል መጥቶ እስኪያላቅቀው ቆርቆሮ አትንኩ። የድሮው ክዳን ኢተርኒት (ከሲሚንቶ የተሠራ ክዳን) ከሆነ ደግሞ አትስበሩት፣ አትቁረጡት፣ ደረቁን አትጥረጉት፤ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙም ሳንባ ይጎዳል። ስታለብሱ ከታችኛው መስመር፣ ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ጀምሩ፤ ያኔ መደራረቢያው ጀርባውን ለነፋስ ይሰጣል። ሞራሌው ከሞራሌ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይራራቅ። በጠርዝና በጉልላት በየሁለተኛው ማዕበል፣ መሐል ላይ በየሦስተኛው ይመታ። ወራጁን ግድግዳው ላይ ካለው እንጨት ጋር በሽቦ ጠፍሩት፣ ምስማር ብቻውን የጦሳን ነፋስ አይችልም።

ጊዜው ከመስቀል በኋላ እስከ ጥር ነው። የኛ አገር በልግ ስላለው መጋቢት ላይ የጣሪያ ሥራ የጀመረ ሰው ሸራ ይግዛ። በበልግና በክረምት መካከል ሰኔ መግቢያ ላይ ትንሽ ፋታ አለ፤ እሷ ለጥገናና ለጠረጋ ትበቃለች፣ ጣሪያ ለመግፈፍ ግን አትበቃም።

ዛፉን ከጣሪያው ቀድማችሁ ቁረጡ። አዲስ ቆርቆሮ አልብሰው ሲጨርሱ ቅርንጫፍ የሚያወርዱ አሉ! ከጣሪያው በላይ የተንጠለጠለውን ከግንዱ አስነሡት፤ ከአናቱ ብቻ የተቀረጠፈ ባሕር ዛፍ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ እነሱም በነፋስ ይገነጠላሉ። ዛፉ የጎረቤት ከሆነ ቡና ጠጡና ተነጋገሩ፣ የወል ደን ከሆነ ቀበሌውን አስፈቅዱ።

አሸንዳ ለመሥራት ካሰባችሁ ሰፊና ጥልቅ አድርጉት፣ በየሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያዘቅዝቅ፣ መውረጃው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ ይኑር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው፤ 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከወረደ 2,400 ሊትር ማለት ነው። ጠባብ አሸንዳ ቅጠል ሲጨመርበት ይሄን አይችልም፣ ሞልቶ ወደ ጭቃው ግድግዳ ይመለሳል። ካልጠረጋችሁት ባይኖር ይሻላል፤ ጠርዙን 60 ሳንቲ ሜትር አስወጥታችሁ ከሥሩ ድንጋይ አንጥፉ። ውኃውን ሮቶ ውስጥ የምታጠራቅሙ የመጀመሪያውን ዝናብ አፍስሱት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያቀልመዋል።

ከአናጺ ጋር ስትዋዋሉ የምስማሩን ዓይነትና የቆርቆሮውን ጌጅ በወረቀት ጻፉ፣ የሚወርደው አሮጌ ቆርቆሮም የማን እንደሆነ። ጤነኛው ለማድ ቤትና ለአጥር ስለሚሆን ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሣው በሱ ነው። ክፍያውንም ጣሪያው አንድ ከባድ ዝናብ እስኪቀምስ ድረስ አትጨርሱ፤ እኔም ብሆን።