ለበረንዳ ቅይጥ ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ከቤታችሁ ጀርባ ያለውን የእንጨት በረንዳ ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ በተሠራ ቅይጥ ጣውላ ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ቀለሙን በሥዕል ብቻ አትምረጡ። ከሻጩ ናሙና ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሰጣሉ። የወደዳችኋቸውን ቀለሞች ከአንድ ቁራጭ እንጨት ጋር በቀትር ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያህል አስቀምጡና በባዶ እግራችሁ ርገጧቸው። ቅይጡ ከተራ እንጨት ይልቅ ይግላል፤ ጠቆር ያለው ቀለም ደግሞ ሙቀትን አብልጦ ይስባል። ልጆች የሚሮጡበትና ጥላ የሌለው ግቢ ከሆነ ነጣ ያለውን ውሰዱ።

ናሙናውን ገልብጣችሁ ከሥሩም እዩት። የፕላስቲክ ሽፋኑ በአራቱም በኩል ከዞረ እርጥበት በቀላሉ አይገባም። በረንዳው ለመሬት ቅርብ ሆኖ የጣውላው ሥር ካልተሸፈነ ሌላ ፈልጉ። ቅይጡ ከእንጨት ቢወደድም፣ በየጥቂት ዓመቱ መፋቅና መቀባት ስለሚቀር፣ በእኔ እምነት ተጨማሪው ዋጋ ይገባዋል።

ከሥር ያሉት ተሸካሚ እንጨቶች ከ16 ኢንች በላይ ከተራራቁ ግን መጀመሪያ አጠጋጓቸው፤ ቅይጡ እንደ እንጨት ግትር ስላልሆነ መሃሉ ይጎብጣል። የቡና ከሰል ምድጃም በቀጥታ አታስቀምጡበት፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።