በሕፃናት ሴፕሲስ ላክቴትን መቅዳትና ማንበብ

ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የአካል ክፍሎች የሚጎዱበት ሁኔታ) የያዘው ልጅ ወዴት እያመራ እንደሆነ ከሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች ፈጥኖ የሚደርሰው ላክቴት (ሴሎች ኦክስጅን ሲያንሳቸው በደም ውስጥ የሚበዛ ውህድ) ነው። በአቀዳድ ስህተት በቀላሉ የሚዛባውም እሱ ነው።

ከተቻለ ክንዱን ሳታስሩ ቅዱ፤ ካሰራችሁም ማሰሪያው አይቆይ። ልጁ ሲታገል ከቆየ ወይም ገና ካንቀጠቀጠው ጡንቻው ላክቴት ስለሚያመነጭ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ይህን መጠየቂያ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ሪንገር ላክቴት (ላክቴት ያለበት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ከሚሄድበት መስመር አትቅዱ፣ በሌላኛው ክንድ ይሁን። ደሙ ቱቦ ውስጥ ከገባም በኋላ ቀይ የደም ሴሎች ግሉኮስን እየተጠቀሙ ላክቴት ማምረታቸውን አያቆሙም። ስለዚህ በደም ጋዝ ማሽን የሚሠራው በ15 ደቂቃ ውስጥ ይሠራ፤ ላቦራቶሪ የሚላከው ደግሞ ፍሎራይድ ባለበት ግራጫ ክዳን ቱቦ፣ በረዶ ላይ ተደርጎ ይሂድ።

ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። በሚሊግራም በዴሲሊትር ከተጻፈ ለ9 አካፍሉት፤ 18 ማለት 2 ሚሊሞል በሊትር ነው፣ አያስደነግጥም።

በ2024 የወጣው የፊኒክስ መስፈርት (የሕፃናት ሴፕሲስ በነጥብ የሚለይበት) በልብና ደም ዝውውር ክፍሉ ከ5 እስከ 10.9 ሚሊሞል ለሆነ ላክቴት 1 ነጥብ፣ 11ና ከዚያ በላይ ለሆነ 2 ነጥብ ይሰጣል። በደም መርጋት ክፍሉ ፕላትሌት (ደም አርጊ ሴሎች) በማይክሮሊትር ከ100,000 በታች፣ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ መለኪያ) ከ1.3 በላይ፣ ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚገኝ ስብርባሪ) ከ2 ሚሊግራም በሊትር በላይ፣ ፋይብሪኖጅን (ደም የሚያረጋ ፕሮቲን) ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ አላቸው፤ ግን ተደምረው ከ2 አያልፉም። ኢንፌክሽን የተጠረጠረበት ልጅ ከልብና ደም ዝውውር፣ ከደም መርጋት፣ ከሳንባና ከአንጎል በድምሩ 2 ካገኘ ሴፕሲስ ነው። ነጥቡ እስኪደመር ግን ሕክምና አይጠብቅም፦ ሾክ (ደም ለአካል ክፍሎች በበቂ የማይደርስበት ሁኔታ) ላይ ላለ ልጅ አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጀመር።

ከአንድ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይናገራል። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በዚያው ዓይነት አቀዳድ ድገሙ። ከ6.2 ወደ 4.1 ከወረደ 2.1 ለ6.2 ተካፍሎ 34 በመቶ ቀንሷል፤ ጥሩ ምልክት ነው። ካልወረደ ወይም ከጨመረ የአካል ክፍሎች ጉዳት የመቀጠል ዕድሉ ከፍ ያለ ነውና ልጁን እንደገና መርምሩ። አድሬናሊን እየተሰጠው ከሆነ መድኃኒቱ ራሱ ላክቴት ያስጨምራል፤ ጉበቱ ከደከመም ላክቴቱ ቶሎ አይጸዳም።

ላክቴቱ 2 ስለሆነ ብቻ አትዘናጉ። እጅና እግሩ ቀዝቅዞ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ከ3 ሰከንድ በላይ ቆይቶ የሚመለስ ልጅ ሾክ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሲአርፒ (በደም የሚለካ የብግነት ፕሮቲን) ዘግይቶ ስለሚጨምር ለትንበያ ደካማ ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ከባድ ወባም ላክቴትን ከ5 በላይ ያደርሳል፣ ፕላትሌትንም ያወርዳል፤ የወባ ምርመራው ከመጀመሪያው ናሙና ጋር አብሮ ይሠራ።