የድሮ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ማሽን ስትፈቱ እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ባለፈው ሳምንት ከብቸና በኩል አንድ ሽማግሌ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። ፈቃዱን አሳዩኝና ጋቢውን ፈታሁት፣ መዶሻዎቹ ከውጭ የሆኑ የቤልጅየም ሥራ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ፣ ግራና ቀኝ ማሽኑን (መዶሻውን የሚይዘውንና የሚለቀውን ዕቃ) የተሸከመው የብረት ሳህን አበባ የተቀረጸበት፣ በጣም የሚያምር ነገር። የቀኙ ሳህን ብሎን ጭንቅላት ግን ተበልቶ አይጥ የጋጠው ይመስላል። "አባባ ይሄን ማን ነካው?" አልኳቸው። "የእህቴ ልጅ ነው፣ ባጃጅ ይሠራል፣ እጁ እኮ ጥሩ ነው" አሉኝ። ይቺን "እጁ ጥሩ ነው" የምትል ቃል ስንቴ እንደሰማኋት! እና ለዛ ልጅ ልነግረው የነበረውን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ባዶ መሆኑን ሁለቴ ማየት፣ አፈሙዙን ከሰደፉ ለይቶ ማስቀመጥ ምናምን አልነግራችሁም፣ እሱን የማያውቅ ሰው ካቻቪቴ ባይዝ ይሻላል።

ካቻቪቴ ካልኩ አይቀር እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ጠመንጃ የተበላሸው በዝገት ሳይሆን በካቻቪቴ ነው። ሱቅ የምትገዙት ካቻቪቴ ምላሱ እንደ ሽብልቅ ነው፣ ጫፉ ቀጭን ወደ ላይ ወፍራም። የድሮ ጠመንጃ ብሎን ስንጥቅ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ግድግዳውም ቀጥ ያለ። ስለዚህ ካቻቪቴው ታች ድረስ አይገባም፣ የስንጥቁን ከንፈር ብቻ ነው የሚነካው፣ ጠንከር አድርገህ ስታዞረው ከንፈሩን ገንጥሎ ይወጣና ተንሸራቶ ቅርጹ ላይ ይጭራል። ከመቶ ዓመት በፊት የሆነ ሰው በእጁ ጎንበስ ብሎ የቀረጸውን አበባ አንተ በአንድ ሰከንድ! እኔ 9 ካቻቪቴ አለኝ፣ ሁሉም በድንጋይ የተሳሉ ናቸው፣ ጎንና ጎናቸው እኩል ሆኖ ስንጥቁን በርዝመትም በውፍረትም የሚሞሉ፣ ከብሎኑ ጭንቅላት ግን የማይተርፉ። እምቢ ያለ ብሎን ካለ ላምባ ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት የጋለ ካውያ ጭንቅላቱ ላይ ብቻ አስነኩት፣ ከዛ መጀመሪያ ለማጥበቅ ያህል ትንሽ ገፋ፣ ቀጥሎ ወደ መፍታት። ያኔም እምቢ ካለ ላምባውን ድገሙትና ሌላ ቀን ጠብቁ፣ ምን አስቸኮላችሁ፣ ጠመንጃው እንደሆነ አያታችሁንም ጠብቋል።

ሳህኑን ከእንጨቱ በቢላ መፈልቀቅ የለም። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያልፈውን ብሎን ትንሽ ትፈቱትና ሳትነቅሉ ጭንቅላቱን በእጅ መዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ መታ መታ፣ ያኛው ሳህን ራሱ ብድግ ይላል። ክረምት ላይ ደግሞ አትንኩት። በሐምሌ በነሐሴ የጎጃምን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ሳህኑን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ብታወጡትም ጠርዙን ገንጥሎ ነው የሚወጣው። ኅዳር ይድረስ።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናዘዝ። መዶሻውን የሚገፋው ትልቁ ሞላ እንደ «ለ» ፊደል ሁለት እግር ሆኖ የተከፈለ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ጀማሪ እያለሁ በፒንሳ ይዤ ሳብ አደረግኩት፣ ሞላው ከእጄ አምልጦ ግድግዳ መታና ለሁለት ሆነ፣ ትንሽ ቢያዘነብል ዓይኔን ነበር። አወጣጡ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ በእጃችሁ እንዳለ መዶሻውን እስከ መጨረሻው ታቀባብሉታላችሁ፣ ያኔ ሞላው ራሱ ይጨመቃል፣ በተጨመቀበት ልክ ትንሽዬ የእጅ ሞርሳ ታስሩበታላችሁ፣ ከዛ መዶሻውን ስትለቁት ሞላው ልል ሆኖ በጣት ይነሳል። ከዛ ልክ በላይ ካጠበቃችሁት ጧ ይላል። የተሰበረ ሞላ በብየዳ አይቀጠልም፣ ሙቀቱ ጥንካሬውን ይገድለዋል፣ ሁለተኛው ማቀባበል ላይ ይለያያል። እኔ ለዛ ለሰበርኩት ከመኪና ባሌስትራ ቆርጬ ሠራሁና አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ እንደ ብርጭቆ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛውን በዘይት አቀዝቅዤ፣ አጽድቼ፣ ሰማያዊ እስኪሆን ቀስ ብዬ መልሼ ሳሞቀው ነው የያዘልኝ።

ኑግ። እኛ ጎጃም ለምጣድም ለራስም ለጠመንጃም ኑግ ነው። ኑግ ዘይት ግን አየር ሲያገኘው ይደርቃል፣ መጀመሪያ ማር ይመስላል፣ ሲከርም ቫርኒሽ ይሆናል። የሽማግሌውን ማሽን ስከፍተው ውስጡ ቡናማ ቅርፊት ለብሶ ጭስና አቧራ ተጋግሮበት ነበር፣ ሞላው ጤነኛ ሆኖ መዶሻው እንደ እርጉዝ ላም እየተንቀራፈፈ ነበር የሚወርደው። የእህታቸው ልጅ "ሞላው ደክሟል" ብሎ ሊቀይረው አስቦ ነበር እኮ! በላምባና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት፣ ሌላ በሽታ አልነበረበትም። ቅቤና ሞራም ያው ናቸው፣ ሲቆዩ ይኮመጥጣሉ፣ ብረቱን ይበሉታል። የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ፣ በቃ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፦ ቃታው ከበደ ብላችሁ መዶሻውን የሚይዘውን ምላስና ምላሱ የሚገባበትን ጥርስ በሞረድ አትንኩ። ጠንካራው ስስ ቆዳው ብቻ ነው፣ ሞረዱ እሱን ካለፈ ውስጡ ለስላሳ ብረት ነው፣ ዛሬ ቃታው ቀለለ ትላላችሁ፣ ከርሞ ሰደፉ መሬት ሲነካ መዶሻው ራሱ ይወድቃል።

የግራና የቀኝ ማሽን ዕቃ አታቀላቅሉ፣ መንታ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ብሎኖቹን ካርቶን ላይ ቦታ ቦታቸውን ስላችሁ ሰኳቸው።

ሰርግ ላይ ሽለላው ሲሞቅ ባዶውን ቋ ቋ ማድረግም ይቅር፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ይሰበራል።

በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትጉትንስ ምን ልበላቸው። ዝገት ብቻ ሳይሆን ማኅተሙም ይሄዳል። ሽማግሌው "መተማ፣ አፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦርነት ላይ የነበረ ነው" ብለውኛል፣ አፈሙዙ ሥር ግን የቤልጅየሟ የልየዥ ከተማ ማኅተም አለ፣ ኢ ኤል ጂ የሚሉ ፊደሎች በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ፣ ከላይ ዘውድ። ዘውዱ የተጨመረው እንደ ፈረንጅ በ1893 ነው፣ መተማ ደግሞ በዛው በፈረንጅ 1889። አልነገርኳቸውም።

አፈሙዙም ተጠምዝዞ የተሠራ የድሮ ዓይነት ስለሆነ የዛሬ ጥይት እንዳይቀምስ ነግሬያቸዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል ብለዋል። ለቅዳሜ ቀጥሬያቸዋለሁ። የእህታቸውንም ልጅ ይዘው ይምጡ ብያለሁ፣ ከነካቻቪቴው።