አዲስ የተወለደ ህፃን እንዴት ይታያል? የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት

አራስ ክፍል ስገባ እናቲቱን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እላለሁ። ቀጥዬ እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብቼ የህፃኑን እግር እነካለሁ። ይህን ልማድ ያስያዘኝ አንድ ሌሊት ነው፤ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ። ጽሑፉ ለጀማሪ ነርሶች ይሆናል። አራስ ቤት ላላቸው እናቶች፣ አባቶችና አያቶችም ይሆናል።

የመጀመሪያው ደቂቃ

ሥራው የሚጀምረው ህፃኑ ከመምጣቱ በፊት ነው። አምቡ ባጉን፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ በማስክ አየር የሚሰጠውን ከረጢት፣ አንሱ፤ ማስኩን መዳፋችሁ ላይ ግጥም አድርጋችሁ ጨመቅ አድርጉት። አየሩ መዳፋችሁን ካልገፋ ባጉ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ይህን ህፃኑ ከተወለደ በኋላ ማወቅ አይጠቅምም። ሁለት ደረቅ ጨርቅም አጠገባችሁ ይኑር። አንድ አይበቃም፤ ምክንያቱን ታዩታላችሁ።

ህፃኑ እንደወጣ ራሱን፣ ጀርባውን፣ ብብቱን አድርቁት። አብዛኞቹ ሲደርቁ ያለቅሳሉ። ካልተነፈሰ ጀርባውን አሸት አሸት አድርጉ። አሁንም ካልተነፈሰ በዚያችው አንድ ደቂቃ ውስጥ በባግና ማስክ አየር መስጠት ይጀመራል። እግሩን ይዞ መዘቅዘቅና ቂጡን መምታት አያስፈልግም፤ ይጎዳል።

አፕጋር የሚባለው ነጥብ በ1ኛውና በ5ኛው ደቂቃ ይሰጣል። አሜሪካዊቷ የሰመመን ሐኪም ቨርጂኒያ አፕጋር በ1952 ያመጣችው ነው። የቆዳ ቀለም፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ የጡንቻ ጥንካሬና ሲነኩት የሚሰጠው ምላሽ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ይያዛሉ። ድምሩ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። እኔ ለጀማሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ነጥቡን ለመሙላት ብላችሁ እርዳታ አታዘግዩ። የማይተነፍስ ህፃን 1ኛው ደቂቃ እስኪሞላ አይጠበቅም።

እየተነፈሰ ከሆነ እትብቱን ለመቁረጥ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣው ደም ለህፃኑ ይጠቅመዋል። ካሰራችሁት በኋላ በየ15 ደቂቃው ገልጣችሁ እዩት። ክር ይላላል። ደሙም ጨርቅ ሥር ሆኖ ሳይታይ ይፈስሳል።

ሙቀት

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ህፃኑ ማህፀን ውስጥ ሳለ ከ37 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ነው የኖረው። ደጋ አገር ያለ ማዋለጃ ክፍል ሌሊት ብርድ ነው። ህፃኑ ደግሞ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞበት ይሄዳል። ትልቅ ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል። ጨቅላ ህፃን አይንቀጠቀጥም። ሙቀት የሚያገኘው አንገቱና ጀርባው አካባቢ ያለውን ልዩ ስብ በማቃጠል ነው። ለዚያ ደግሞ ኦክስጅኑንና ስኳሩን ይጨርሳል። ስለዚህ የበረደው ህፃን መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ መጥባት ያቆማል። ከዚያ ትንፋሹ ይዛባል።

ያ ሌሊት ሥራ ከጀመርኩ ገና ወራት ቢሆነኝ ነው። ሦስት እናቶች ተከታትለው ወለዱ። የአንዷን ልጅ አደረቅኩት፤ ያደረቅኩበትን ፎጣ ግን ሳላወጣ ብርድ ልብስ ደረብኩበት። ከላይ ሲነካ ደረቅና ወፍራም ነው። ልጁ ዝም አለ። አያቱ «ጨዋ ልጅ ነው» አሉ። እኔም እውነት መስሎኝ ወደ ሌላዋ እናት ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እናቱ «ሲስተር፣ አልጠባ አለኝ» ብላ ጠራችኝ። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ፎጣው አሁንም እርጥብ ነው። እግሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ቴርሞሜትሩ 34.8 አለ። እርጥቡን አወጣን፣ ኮፍያ አደረግንለት፣ ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ አስተኝተን ሁለቱንም በጋቢ ሸፈንን። ስኳሩም ወርዶ ስለነበር ሐኪሙ ወዲያው አከመው። ሲነጋጋ ጠባ። ያ ሁሉ የመጣው ከአንድ እርጥብ ፎጣ ነው፤ ፎጣውን የተውኩትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጨርቅ እንዳደረቀ ይጣል። ህፃኑ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርጎ በእናቱ ጡቶች መካከል በሆዱ ይተኛ። ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫው ክፍት ይሁን። ከላይ ነጠላና ጋቢ ይደረብ። ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲህ ይቆይ። ሚዛን፣ መርፌ፣ ፎቶ ሁሉ ይደርሳል። ከ2000 ግራም በታች የሆነ ህፃን ደግሞ ሌት ተቀን እንዲህ መታቀፍ አለበት፤ ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። እናት ደከማት? አባት ሸሚዙን ይፍታና ይቀበላት።

ሙቀቱን በብብት ለኩ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ብብቱ መሃል ይግባ፣ ክንዱን ያዙለት፣ መሣሪያው እስኪጮህ ጠብቁ። ከ36.5 እስከ 37.5 ደህና ነው። በግንባር የሚለካውን ሽጉጥ መሰል መሣሪያ ለጨቅላ ህፃን አላምነውም። የድሮው የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 በታች አያነብም። ቴርሞሜትር ከሌለ እጃችሁ አለ። ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ ህፃኑ መብረድ ጀምሯል። ሆዱም እግሩም ከቀዘቀዙ አደጋ ላይ ነው፤ ደረት ላይ እንደታቀፈ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቶ ጎኑ ማስቀመጥን ተዉት። በእሱ የተቃጠለ የህፃን ቆዳ አይቻለሁ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድም እናትንም ልጅንም ይገድላል።

ገላ ማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። አያቶች በዚህ ይጨነቃሉ። «እማማ፣ ይሄ ነጩ ቅባት ቆሻሻ አይደለም። ቆዳውን የሚጠብቅለት ነው፣ ራሱ ይጠፋል» ብዬ በእጃቸው አስነካቸዋለሁ። ከነኩት በኋላ ብዙዎቹ ይስማማሉ።

ትንፋሽ

ህፃኑ ሲረጋጋ ልብሱን ገልጣችሁ ሆዱን እያያችሁ ቁጠሩ። ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ በስልክ ሰዓት። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ አይሠራም፤ ጨቅላ ህፃን ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ለጥቂት ሰከንድ ቆም ይላል። ከ30 እስከ 59 ደህና ነው። 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደገና ቁጠሩ፤ ያው ከሆነ ሐኪም ይየው። የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ የሚያቃስት ወይም ትንፋሹ ለ20 ሰከንድ የሚቆም ከሆነ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። እጅና እግሩ በመጀመሪያው ቀን ሰማያዊ ቢመስል አያስደነግጥም። ምላሱና ድዱ ሰማያዊ ከሆነ ግን አስቸኳይ ነው። በተለይ ጠይም ልጅ ላይ ቆዳውን ሳይሆን አፉን እዩ።

ከራስ እስከ እግር

እርግብግቢቱ ለስላሳና ደልደል ያለ ይሁን። ጭንቅላቱ ቢረዝም በቀናት ውስጥ ይስተካከላል። ንጹህ ጓንት ባደረገ ጣት ላንቃውን ዳስሱ፤ በዓይን የማይታይ ክፍተት በጣት ይገኛል። አገላብጣችሁ አከርካሪውን ከላይ እስከ ታች ተከተሉ፣ ፊንጢጣው ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ሽንትና እንደ ሬንጅ የጠቆረው የመጀመሪያ ሰገራ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠበቃሉ። መቀመጫው ላይ ያለ ሰማያዊ መሳይ ምልክት ብዙ እናቶችን ያስደነግጣል፤ ቁስል አይደለም፣ እያደገ ሲሄድ ይደበዝዛል። ከሴት ልጅ ብልት የሚታይ ትንሽ ደም ወይም የጡት ማበጥም ከእናት ሆርሞን ነው። ጡቱን አትጭመቁት።

መድኃኒትና ጡት

ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊግራም ጭኑ ላይ ይወጋል፤ ከ1500 ግራም በታች ከሆነ ግማሹ። ዓይኑ ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይደረጋል። እትብት ላይ የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን ጄልም በቲዩብ ይመጣል። ሁለቱን ትሪ ላይ ጎን ለጎን አታስቀምጡ፤ የእትብቱ ጄል ዓይን ውስጥ ቢገባ ዓይን ያጠፋል። ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡና ክፈቱት። ጄል ካልተሰጣችሁ እትብቱ ንጹህና ደረቅ ይሁን፤ ቅቤም እበትም አይነካውም። ቢሲጂ የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ ሳይወስድ እንዳይወጣ።

ጡት በመጀመሪያው ሰዓት ይጀመር። ቢጫው እንገር የህፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ታልቦ አይደፋ። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውሃና የአብሽ ውሃ ይቅሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ጊዜ በላይ ይጥባ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ቢቀንስ ያለ ነው፤ ከመቶ 10 ካለፈ ግን አጠባቡ መታየት አለበት።

ቤት ከገባችሁ በኋላ

ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም ቆዩ። ከዚያ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት አስመርምሩ። አልጠባ ካለ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ ሲነኩት ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ እትብቱ ዙሪያ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የቢጫነት ነገር ለብቻው ይታይ። አራስ ክፍል መጋረጃው ተዘግቶ ጨለም ይላል፤ ቢጫነት ደግሞ በጨለማ አይታይም። በየጠዋቱ ህፃኑን ወደ መስኮት አምጡት፣ ግንባሩን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁና ቆዳውን እዩ። ድዱንም እዩ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የታየ ቢጫነት፣ ወይም መዳፉና ውስጥ እግሩ ድረስ የደረሰ ከሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ፀሐይ ማሞቅ አያድነውም። በጋቢ ታቅፋችሁ፣ እያጠባችሁ ሂዱ።