ጦር ወርዋሪ ሆኖ ለዓለም አቀፍ ውድድር ለመብቃት

ጦር ውርወራን ሙያው ለማድረግ ያሰበ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው፣ ጦሩን አርቆ የሚልከው የክንድ ብርታት ብቻ አለመሆኑን ነው። 90 ሜትር አካባቢ የሚያርፍ ጦር ከእጅ የሚወጣው በሰከንድ 30 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ሲሆን፣ ይህን ፍጥነት ቆሞ በመወርወር የሚያገኝ ሰው የለም። ፍጥነቱ የሚጀምረው ከመንደርደር ነው፤ ወደ ክንድ የሚተላለፈውም የፊተኛው እግር መሬት ላይ ጸንቶ ሲቆም ነው። ሙያው የሚገነባው ከእግር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ግን በክርንና በትከሻ ጉዳት ነው።

ለመጀመር ጥሩ መሠረት የሚሆነው በልዩ ልዩ ስፖርት የዳበረ ሰውነት ነው። በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ በ65.80 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ጃፓናዊቷ ሃሩካ ኪታጉቺ አስቀድሞ ዋናና ባድሚንተን ትጫወት ነበር፤ በ72.28 ሜትር የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን የያዘችው ቼካዊቷ ባርቦራ ሽፖታኮቫም ከሄፕታትሎን (ከሰባት ዓይነት የአትሌቲክስ ውድድር) የመጣች ናት። ስለዚህ ታዳጊው ገና በልጅነቱ በጦር ብቻ እንዲወሰን ማድረግ አያስፈልግም። የጦሩ ክብደትም ከዕድሜ ጋር መሄድ አለበት፤ ከ18 ዓመት በታች ወንዶች 700 ግራም፣ ሴቶች 500 ግራም ይወረውራሉ፤ አዋቂዎች ደግሞ 800 እና 600 ግራም። ጦሮች በሚወረወሩበት ርቀት ልክ ተመድበው ስለሚሠሩ፣ 50 ሜትር የሚወረውር ጀማሪ ለ90 ሜትር የተሠራውን ግትር ጦር ማንሣት የለበትም። ግትር ጦር ትንሿን የአወራወር ስሕተት እንኳ አያልፍም፤ ስሕተቱንም የሚከፍለው ክርን ነው።

የአወራወሩን ሥርዓት በዝግታ መማር ይገባል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ወርዋሪ ቀጥ ብሎ ከተንደረደረ በኋላ ጦሩን ወደ ኋላ ስቦ ክንዱን ይዘረጋል፤ ከዚያም ጎኑን ወደ ውርወራው አቅጣጫ አዙሮ ቀኝ እግሩን በግራው ፊት እያሳለፈ ጥቂት ርምጃ ይራመዳል። ወሳኙ ቅጽበት የመጨረሻው የግራ እግር ርምጃ ነው። እግሩ በተረከዙ ሲያርፍ ጉልበቱ ካልታጠፈ ታችኛው አካል በድንገት ይገታል፤ ዳሌ ወደ ፊት ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ክርን፣ በመጨረሻም እጅ እንደ ጅራፍ ጫፍ ይወረወራል። ጉልበቱ ከታጠፈ ግን በመንደርደር የተገኘው ኃይል እዚያው ይባክናል፤ ወርዋሪውም ጉድለቱን በክንዱ ሊያሟላ ይታገላል። በዚህ ጊዜ ክርኑ ከትከሻው በታች ከወረደ ጫናው ሁሉ በክርን የውስጥ ጅማት ላይ ያርፋል።

ሌላው የጀማሪ ችግር የጦሩን አፍንጫ ወደ ላይ ማቅናት ነው። ምሥራቅ ጀርመናዊው ኡቬ ሆን በ1984 104.80 ሜትር ከወረወረ በኋላ፣ በ1986 የወንዶች ጦር የስበት ማዕከል ወደ ፊት እንዲገፋ ተደረገ፤ የሴቶቹም በ1999 ተለወጠ። ዛሬ ያለው ጦር ቶሎ አፍንጫውን ስለሚደፋ፣ ጦሩ የሚያመለክትበት አቅጣጫና የሚበርርበት መስመር ካልገጠሙ ርቀቱ ወዲያው ይቀንሳል። ይህን ስሕተት ለማየት ስልክን በመወርወሪያው ክንድ በኩል አቁሞ ከጎን መቅረጽ ይበቃል። ኬንያዊው ጁሊየስ ዬጎ በዩትዩብ ቪዲዮዎች ተምሮ በ2015 ቤጂንግ ላይ በ92.72 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ይህ ብርቅ ነገር ስለሆነ አሠልጣኝ ማግኘት የሚችል ሰው በቪዲዮ ብቻ እንዲመካ አልመክርም።

በሥልጠናው ላይ የማያወላውል አቋም አለኝ፤ በሙሉ ኃይልና በሙሉ መንደርደር የሚወረወሩ ጦሮች ተቆጥረው ጥቂት መሆን አለባቸው። ቀሪው ሥራ በሜዲስን ቦል (ከባድ የልምምድ ኳስ)፣ በክብደት ማንሣት፣ በዝላይ፣ በአጭር ሩጫና ቀስ ብሎ በሚደረግ የአወራወር ልምምድ ይሸፈናል። የክርን ሕመም ሲሰማ መወርወሩን ማቆም እንጂ ማስታገሻ እየወሰዱ መቀጠል አይገባም። ሕንዳዊው ኒራጅ ቾፕራ በ2019 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት የውድድር ዘመኑ ቢያልፈውም፣ በጥር 2020 በ87.86 ሜትር የኦሊምፒክ ሚኒማ (ለመግባት የሚጠየቀውን ርቀት) አሟላ፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክም በ87.58 ሜትር ወርቅ ወሰደ።

ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር የሚወስደው መንገድ በአገር አቀፍ ሻምፒዮና፣ በአህጉርና ከ20 ዓመት በታች ውድድሮች ያልፋል። ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክም ሆነ ለቶኪዮ 2025 የዓለም ሻምፒዮና ሚኒማው ለወንዶች 85.50፣ ለሴቶች 64.00 ሜትር ነበር። ሚኒማውን ያላሟላ ሰው በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ በኩል ወደ ውድድሩ ሊገባ ይችላል፤ ደረጃው የሚሰላው በአምስት ምርጥ ውጤቶች አማካይ ሲሆን፣ ነጥቡ ከርቀቱ በተጨማሪ በውድድሩ ትልቅነትና በተገኘው ቦታ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ የዓመቱን የውድድር መርሐ ግብር ከአሠልጣኝ ጋር ሲያወጡ፣ ነጥብ የማይሰጡ በርካታ ትንንሽ ውድድሮችን ትቶ ጥቂት የተመረጡትን መያዝ ክንድንም ደረጃንም ይጠቅማል።

በብዙ ውድድሮች ፍጻሜ እያንዳንዱ ወርዋሪ ሦስት ሙከራ ያገኛል፤ የተሻለ ያስመዘገቡት ስምንቱ ሌላ ሦስት ይጨመርላቸዋል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን ሙከራ ልክ የሆነ ውርወራ ማድረግ ትልቅ ጥቅም አለው። ጦሩ በመያዣው ተይዞ ከትከሻ በላይ መወርወር አለበት፤ መሬት የሚነካውም በብረት ጫፉ መሆን ይኖርበታል። የመንደርደሪያውን መስመር መርገጥ ሙከራውን ያሳጣል።

የገቢውን ነገር ያለ ማጋነን ማወቅ ያሻል። በፓሪስ ኦሊምፒክ የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ ለወርቅ አሸናፊዎች ብቻ 50,000 ዶላር ሰጥቷል፤ በዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ለአሸናፊው 70,000 ዶላር ይከፈላል። ይህን የሚያገኘው ግን አንድ ሰው ነው፤ በየዓመቱ በተለያዩ ከተሞች የሚካሄዱት የዳይመንድ ሊግ ውድድሮችም ቢሆኑ ሁሉም ጦር ውርወራን አያካትቱም። አብዛኛው ወርዋሪ የሚተዳደረው በፌዴሬሽን ድጋፍ፣ በቀጣሪ ተቋም ወይም በዩኒቨርሲቲ ነጻ የትምህርት ዕድል ነው። ፓኪስታናዊው አርሻድ ናዲም በ2024 መጀመሪያ ላይ ያረጀ ጦሩን የሚተካለት አጥቶ በይፋ እርዳታ ጠይቆ ነበር፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በ92.97 ሜትር የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከማናጀር ጋር ሲዋዋሉ የድርሻውን መጠንና የውሉን ዘመን በጽሑፍ ማስፈር ግድ ነው። የወንዶች ጦር ከ2.60 እስከ 2.70 ሜትር ስለሚረዝም፣ ትኬት ከመቁረጥ በፊት አየር መንገዱ ይህን ጭነት እንደሚቀበል ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በአበረታች ቅመሞች ምርመራ መዝገብ ውስጥ የገባ አትሌት የሚገኝበትን ቦታና በየቀኑ ለምርመራ የሚዘጋጅበትን አንድ ሰዓት አስቀድሞ ያሳውቃል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጎደለ፣ ምንም ቅመም ባይወስድም ይቀጣል። ስለዚህ የጉዞ ለውጥ በተደረገ ቁጥር መረጃውን ማስተካከል የአትሌቱ የራሱ ኃላፊነት እንጂ የማናጀሩ አይደለም።

ክንዱን የጠበቀ ወርዋሪ ረጅም ዘመን ይወዳደራል። በ98.48 ሜትር የወንዶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ1996 ጀምሮ የያዘው ቼኩ ያን ዜሌዝኒ በ40 ዓመቱ፣ በ2006 የአውሮፓ ሻምፒዮና ነሐስ አግኝቷል፤ ከዚያ በኋላ ሽፖታኮቫን፣ በቅርቡም ቾፕራን አሠልጥኗል። አሠልጣኝ የመሆን ሐሳብ ያለው አትሌት የአሠልጣኝነት ኮርሱን ውድድር ሳያቆም ቢጀምርና፣ በየልምምዱ የወረወረውን ብዛት፣ የመንደርደሪያውን ርዝመትና የተሰማውን ሕመም በማስታወሻ ቢመዘግብ ለኋላ ሥራው የሚሆን መረጃ ይዞ ይወጣል።